ያለ ደረሰኝ የሄደው ምንሽር

ወይራ አፋፍ፣ አንኮበር
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለነቢዩ፣

የአባትህ የአጎት ልጅ ብሆንም፣ ክርስትና ስትነሳ ያቀፍኩህ እኔ ነኝና ልጄ ብልህ አትታዘበኝ። እንደምን ሰንብተሃል? በዚያ በሐምቡርግ ውርጭ አውቶቡስህን ስትነዳ የጊዮርጊስ ፈረስ ከፊትህ ይቅደም። እኔ እግሬን ከሚጠዘጥዘኝ በቀር ከነበጎቼ ደህና ነኝ። ገብሱም ዘንድሮ አላሳፈረንም።

ስልኩ እዚህ ላይ ከጠፋ ከርሟል። ስለዚህ እንደ ድሮው በእጄ ጻፍኩልህ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምኳት ፊደል አልጠፋችኝም፤ ብቻ ስታነብ እንዳትስቅብኝ። ደብዳቤውን ቄስ ዘሥላሴ ደብረ ብርሃን ሲወጡ ፖስታ ቤት ያስገቡልኛል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ምንሽሬን ወሰዱብኝ።

በመስከረም መጨረሻ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ብርሃነ መስቀል ከቅዳሴ ስንወጣ ከሚሊሻዎቹ ጋር ጠበቀን። «ፈቃድ ያለው መሣሪያ ሁሉ እንደገና ሊመዘገብ ነው። ነገ ይዛችሁ ቀበሌ ግቢ ቅረቡ፤ በሳምንቱ ትወስዳላችሁ» አለ። እኛም እንደ ታዘዝነው ሄድን። ፈቃዴን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ምንሽሬን ወልውዬ ቀረብኩ። ፈቃዱን አየና መለሰልኝ፤ ምንሽሩን ግን ከኋላው አስደገፈው። «ደረሰኝስ?» አልኩት። «እትዬ አልታየች፣ እኛንም አታምኚን?» ብሎ ሳቀ። ሰዉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይኸው ነው።

ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩም አለፈ። ስጠይቅ «ከላይ መመሪያ አልመጣም» ይሉኛል። ባለፈው ደግሞ የቀበሌው ጸሐፊ «ለመሆኑ ሴት ነሽ፣ ጠመንጃ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ምን እንደሚያደርግልኝ ነገርኩት። ባሌ ከሞተ ወዲህ በዚህ ገደል አፋፍ ብቻዬን ነው የማድረው። ነብር በረቴን ሲዞር ያድራል። ሌባ ከቆላ ይወጣል። ፖሊስ ጣቢያው ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ እስኪደርሱልኝ የበጎቼን ስጋ ቅርጫ ያደርጉታል። ጭላዳው እንኳ የጠመንጃ ቤትና የዱላ ቤት ለይቶ ነው ማሳ የሚገባው።

ያን ምንሽር አባቴ ገብረአማኑኤል ሰንጋዎቹን ሸጦ ነው የገዛው። ሲሞት ለወንዶቹ አላወረሰም፤ ለእኔ ነው ያወረሰው፤ በኢላማ እበልጣቸው ነበራ። ሰው ላይ አዙሬው አላውቅም። መንግሥት ሲለዋወጥ በየጊዜው አስመዝግቤዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አንዱም አልነጠቀኝም።

ብር ላክልኝ አልልህም። አንተ የተማርክ ነህና አቤቱታ አርቅቀህ፣ ስምህን ከነአያትህ አስፍረህበት ላክልኝ። ይህች መበለት ዘመድ እንዳላት ይወቁ።

የአባቶችህ አምላክ ከሰው እጅ፣ ከመኪና አደጋ ይሰውርህ።

እትዬህ፣ አልታየች ገብረአማኑኤል


ሐምቡርግ
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ አልታየች፣

ከእግርዎ ዝቅ ብዬ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኔ ከነልጆቼ ደህና ነኝ። ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ በረትዎን ይባርክልን።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ በገና ማግስት ነው። ሥራ በዝቶብኝ ነው መልሱ የዘገየ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ ቸግሮኝ ነው።

እትዬ፣ ይተዉት። እርስዎ ይበልጡብኛል። ከሹም ጋር እልህ ተጋብቶ ያተረፈ ሰው አላውቅም። ደግሞ የእኔን ነገር ያውቁታል። ወንድሜ ቃለ አብ ለሚ ከተማ ላይ ሙሽራ ሊያጅብ ወጥቶ በደስታ ተኩስ ነው የወደቀው። ደሙን ከሸሚዙ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠመንጃ የሚባል ነገር በማንም ሰው ቤት ባይኖር ደስ ይለኛል፤ መንግሥት ልሰብስብ ካለም ይሰብስብ ባይ ነኝ። ይህን ስልዎት እንደሚከፋዎ አውቃለሁ፤ ግን ልዋሽዎት አልችልም።

እዚያ ገደል ላይ ብቻዎን ከሚያድሩ ደብረ ብርሃን እኅቴ መስከረም ዘንድ ይግቡ። ቤቷ ሰፊ ነው። እርሷም የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነች ምንም አይጎድልብዎትም። አቤቱታውን ለጊዜው አልጻፍኩትም። ፈሪ ለእናቱ ይሉ የለ፤ እኔንም እንዲያው ይቁጠሩኝ።

ለእግርዎ የሚሆን ወፍራም የሱፍ ካልሲ በሰው እጅ ልኬያለሁ።

አክባሪ ልጅዎ ነቢዩ


ወይራ አፋፍ
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለነቢዩ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጾሙን ያስፈጽምህ። ካልሲው ደርሶኛል፤ ይሞቃል፣ እጅህ ይባረክ። ነብሩ ግን ካልሲዬን አይቶ አልሸሸም።

ስለ ቃለ አብ የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። ለቅሶው ላይ ነበርኩ፤ እናትህን በብብቷ ይዤ ያቆምኳት እኔ ነኝ። ግን ልጄ፣ የጻፍከው ግማሹን ነው። ግማሹን ደግሞ እኔ ልጻፍልህ። ያን ጥይት የተኮሰው የአንድ ሹም አጃቢ ነበር። ጠመንጃው በማን ስም ተመዝግቦ ነበር? በማንም። አባትህ ሲከስ «መሣሪያው የመንግሥት ነው፤ የዚያን ቀን ማን እንደያዘው አይታወቅም» ተባለ፣ ነገሩም በዚያው ቀረ። ያን ቀን የተኮስኩት እኔ ብሆን ኖሮ የምንሽሬ ቁጥር ተይዟል፣ ፈቃዱ ላይ ፎቶዬ አለ፣ ሳይመሽ እጄን የፊጥኝ አስረው ይወስዱኝ ነበር። የሚገባኝም ነው። ወንድምህን የበላው ጠያቂ ያጣ ጠመንጃ ነው። አሁን ደግሞ የእኛን ባለቤት ያለውን እየሰበሰቡ ባለቤት የሌለው ያደርጉታል።

ጠመንጃ አይነካ አላልኩም። ያለ ፈቃድ የያዘ ይቀጣ፤ ሰርግ ላይ የሚያንጣጣውም ይቀጣ። መንግሥትም መውሰድ ካለበት ሕግ ጠቅሶ፣ ደረሰኝ ቆርጦ፣ የሚመልስበትን ቀን ተናግሮ ይውሰድ። እኔን የሚጠይቀኝ ሕግ እሱንም ካልጠየቀው ሕግነቱ ምኑ ላይ ነው? በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ያሉት አባቶች ሞኞች አልነበሩም።

አሁን ወሬ ስማ። የጎረቤቴን የትርፌን በጎች በጠራራ ፀሐይ ነዷቸው። ሌቦቹ ዱላ እንኳ አላነሱም፤ ቤቱ ሁሉ ባዶ እጁን እንደቀረ ሰምተዋል። ትርፌ ገደሉ ጫፍ ቆማ ስትጮህ እኛ ከየደጃችን አብረናት ጮኽን። ሌላ ምን እናድርግ?

ይህ በሆነ በሳምንቱ ነጭ ሽንኩርት ልሸጥ ደብረ ሲና ወረድኩ። ከባድ መኪናዎቹ ተደርድረው የሚያድሩበት ቦታ ላይ አንድ ጎልማሳ ዘበኛ ጎማ ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል። ትከሻው ላይ ያለውን ሳይ ጠጋ አልኩ። የእኔ ምንሽር ነው። ሰደፉ ተሰንጥቆ አባቴ በነሐስ ቆርቆሮ አስሮታል፤ ቆርቆሮውን በሕፃንነቴ በሚስማር ጭሬ ቁጣ ቀምሼበታለሁ፤ ጭረቱ አለ።

«ልጄ፣ ይህን ጠመንጃ ከየት አገኘኸው?» አልኩት።

«ተከራይቼ ነው እማማ። አንኮበር በኩል ያለ አንድ ሊቀመንበር በወር ያከራየናል። እዚህ ያለነው ዘበኞች ብዙዎቻችን ከሱ ነው የያዝነው።» ስሙ ማኅደረማርያም ነው፤ ነገር የማያውቅ ጨዋ ሰው። የእኔ መሆኑን ስነግረው ከትከሻው አውርዶ ሊሰጠኝ ነበር። አልተቀበልኩትም። እኔ ያስረከብኩት ለቀበሌ ነው፤ የሚመልስልኝም ቀበሌ ነው። እሱም የልጆቹን እንጀራ ነው የሚጠብቅበት። ቢጠሩህ ያልከኝን ትደግመዋለህ ወይ ብለው፣ «እደግመዋለሁ» አለኝ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። ብርሃነ መስቀል የሚቆጨው ነገር እንዳይኖር እየተጋ ነው። አንተስ? አቤቱታዬን ትጽፋለህ ወይስ ሌላ ካልሲ ልጠብቅ?

አልታየች


ሐምቡርግ
ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ አልታየች፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ለብዙ ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ከረምኩ። ስለ ቃለ አብ ያሉት እውነት ነው። አባቴ ከየቢሮው ባዶ እጁን ሲመለስ በሩ ላይ ኮቱን የማወልቅለት እኔ ነበርኩ። የጠመንጃ ጥላቻዬ አልለቀቀኝም፤ ግን ደረሰኝ የሌለው ነገር ማንን እንደሚጠቅም አሁን ገብቶኛል።

አቤቱታውን አርቅቄ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። በጽሕፈት መኪና የተጻፈ ያህል ንጹሕ ነው። የሚፈርሙበትን ቦታ ትቼልዎታለሁ። እባክዎ ብቻዎን አይሂዱ፤ ከሚሊሻዎቹ ጋርም ቃል አይመላለሱ።

መስከረም ሰላም ትልዎታለች። በዚህ ሰሞን መሥሪያ ቤቷ ግምገማ ላይ ነው፤ እርስዎም ከተማ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ቢሮዋ ባይሄዱ ይሻላል፤ ቤት ይጠብቁኝ ብላለች።

ልጅዎ ነቢዩ


ወይራ አፋፍ
ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለነቢዩ፣

ክረምቱ ገብቷል፤ ጉሙ ደጃፌ ላይ ተኝቷል። አንተም ከነቤተሰብህ ሰላም ሁን።

አቤቱታው ደረሰኝ፤ ውብ አድርገህ ጽፈኸዋል። ስምህ ግን የለበትም። የመስከረም ሥራ እንዳይነካ ነው፤ አልተሸሸግከኝም፣ ገብቶኛል። አልተቀየምኩም ብልህ ግን ደግሞ እኔ እዋሻለሁ። ፈርሜበት ደብረ ብርሃን ወጣሁ። አንድ ቢሮ ተቀብለው ማኅተም መቱበትና «እንጠራዎታለን» አሉኝ። መስከረም ቤት አድሬ ተመለስኩ። ጥሩ ልጅ ናት፤ ራት ስታቀርብልኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

አልጠሩኝም። ወሬው ግን ከኔ ቀድሞ ወይራ አፋፍ ደርሶ ኖሯል። ብርሃነ መስቀል ራሱ ቤቴ መጣ። ጠላ ቀዳሁለት። «እትዬ አልታየች፣ ምንሽርሽን ሲመሽ በሰው እልክልሻለሁ። ያቺን ወረቀት ሳቢያት» አለኝ።

«የትርፌስ? የሕመምተኛው የገብረኪዳንስ? የሌላውስ ሰው?»

«አንቺ የራስሽን ያዢ።»

ልዋሽህ አልፈልግም፤ ልቤ ፈልጎ ነበር። ግድግዳው ላይ ይሰቀልበት የነበረውን ችንካር ባዶውን ባየሁት ቁጥር ያመኛል። ግን «እኔ በቀን ነው ያስረከብኩት፤ በቀን መልስልኝ» አልኩት። ጠላውን ሳይጨርስ ወጣ።

የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። እሱም ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ አንድ ሚሊሻ አስከትሎ፣ በግ ሲያማርጥ አገኘሁት። ምን እንደነካኝ አላውቅም። አያቶቻችን ከሳሽና ተከሳሽን ኩታ ለኩታ ቋጥረው ዳኛ ፊት ይልኩ እንደነበር አባቴ ሲያጫውተን አድጌያለሁ፤ አይቼው ግን አላውቅም። ጠጋ አልኩና የነጠላዬን ጫፍ ከጋቢው ጫፍ ጋር ቋጠርኩት። ጥብቅ አድርጌ ቋጠርኩት። «በሕግ አምላክ፣ ብርሃነ መስቀል። አንተና እኔ ዳኛ ፊት እስክንደርስ አንለያይም» አልኩት።

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ቋጠሮውን አየ። ሚሊሻው እጁን ሲዘረጋ «በሕግ አምላክ አልኩህ» አልኩት። ከኋላዬ አንዲት ቅቤ ሻጭ «በሕግ አምላክ» አለች። ከዚያ ጨው ሻጩ፣ ከዚያ ገበያው ሁሉ ተቀባበለው። ሚሊሻው የገበሬ ልጅ ነው፤ በዚህ ቃል ላይ እጅ እንደማይነሳ እናቱ ሳታስተምረው አልቀረችም። እጁን ሰበሰበ።

ጋቢውን ጥሎልኝ መሄድ ይችል ነበር፤ ማንም አልያዘውም። ግን በገበያ መሃል ጋቢውን ጥሎ የሸሸ ሊቀመንበር ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይከተለዋል። ስለዚህ ተከተለኝ። ዳገቱን አብረን ወጣን፤ እኔ በዚህ በሚጠዘጥዘኝ እግር፣ እሱ በዚያ በተወለወለ ጫማ፤ ሕዝቡ ከኋላችን። ዝናብ መጣብን። «እትዬ አልታየች፣ ፍቺኝ እባክሽ፤ ሰው እየሳቀ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ያኔ አንተ ስትስቅ እኔም ስቄልህ ነበር» አልኩት።

ፍርድ ቤቱ ቅዳሜ አይሠራም፤ በንዴቴ ይህን ማን አስቦት። ደግነቱ ዳኛዋ ግቢው ውስጥ ነው የምትኖረው፤ ጫጫታውን ሰምታ በረንዳው ላይ ወጣች። ልጅ እግር ናት፤ ወለተ ጊዮርጊስ ትባላለች። እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ቋጠሮውን አየች።

«እናቴ፣ ይህ የዛሬ ሕግ አይደለም። ይፍቱት» አለችኝ።

«ክሴን የሚሰማ ዳኛ ካለ እፈታዋለሁ።»

«ሰኞ ጧት ይምጡ፤ እኔ ራሴ እሰማለሁ» አለች። ወደ እሱም ዞራ «እርስዎም ይመጣሉ» አለችው።

ልፈታው ብል ዝናቡ አጥብቆት እንቢ አለኝ። በመጨረሻ እሱም ጎንበስ ብሎ አገዘኝና ሁለታችን ተጋግዘን ፈታነው። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እሱም ሳይወድ ፈገግ አለ። እንግዲህ ክፉ ሰው ነው ብዬ አልጨርሰውም፤ ጠያቂ ያጣ ሰው ነው።

ሰኞ ሄድኩ። ብቻዬን እሄዳለሁ ብዬ ነበር፤ መንገዱ ላይ ትርፌ ጠበቀችኝ፤ ገብረኪዳን ያን ሁሉ ሕመሙን ይዞ በበቅሎ መጣ፤ ሁሉም ፈቃዱን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። መዝገብ ተከፈተልን። ማኅደረማርያምም ከደብረ ሲና ተጠርቶ መጥቶ፣ ያለኝን ሳይጨምር ሳይቀንስ ደገመው። ውሳኔው ከክረምቱ ዕረፍት በኋላ ነው።

በሕይወቴ እንደዚያ ቅዳሜ ቀጥ ብዬ የሄድኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ይህን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ ብዬ ነው።

እትዬህ አልታየች


ሐምቡርግ
ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ ለእትዬ አልታየች፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ ወሬው ደረሰኝ። መስከረም ደውላ «እትዬ ሊቀመንበሩን ቋጥራ ዳኛ ፊት አቀረበችው፤ ቢሮው ሁሉ የሚያወራው ይህን ነው» አለችኝ። አንዱ የሥራ ባልደረባዋ «ያቺ ሴትዮ የማን ዘመድ ናት?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «የእኛ ናት፤ የአባቴ የአጎት ልጅ» ብላለች። ይህን ስትነግረኝ ታለቅስ ነበር። እስካሁን ከሥራዋ ማንም አልነካትም። ቢነኳትም ደረሰኝ እጠይቃለሁ ትላለች።

እኔም እዚህ ዕረፍት ክፍላችን ውስጥ ለሾፌር ጓደኞቼ ተረጎምኩላቸው። አንዱ ቱርክ ነጠላ ምን እንደሆነ ሊገባው አልቻለም፤ አንገቴ ላይ የነበረውን ሻርፕ ከእሱ ኮት ጋር ቋጥሬ አሳየሁት። በኩራት ነው ያሳየሁት። የመጀመሪያው አቤቱታ ላይ ስሜን መተዌ ግን አሳፈረኝ።

ስለዚህ ሌላ አቤቱታ ጽፌያለሁ፤ የወንድሜን የቃለ አብን ደም በተመለከተ ነው። የዚያን ቀን ለሹሙ አጃቢ መሣሪያውን የሰጠው ማን ነው፣ ፈርሞ የተቀበለውስ ማን ነው ብዬ ጠይቄያለሁ። ነቢዩ ብዬ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ፈርሜበታለሁ። መስከረምም እኅት ብላ ፈርማለች። እርስዎን አላስቸግርም፤ ይህን መስከረም ራሷ ይዛው ትገባለች።

ልጅዎ ነቢዩ


ወይራ አፋፍ
ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለነቢዩ፣

በሄድክበት ሁሉ ሞገስ ይስጥህ፤ ልጆችህ እንደ ወንዝ ዳር ቄጠማ ይለምልሙልህ። መስከረም አቤቱታውን አስገብታ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ አሳይታኛለች። ዛሬ ላይመልሱላችሁ ይችላሉ፤ አሁን ግን ጥያቄው ባለቤት አለው። አባትህ ቢያይ ደስ ይለው ነበር።

ፍርዱ ወጣ። ዳኛዋ መሣሪያዎቹ ያለ ሕግ ነው የተወሰዱት ብላ ወሰነች። በተወሰዱበት ግቢ፣ በቀን፣ ሕዝብ ባለበት ይመለሱ፤ የወሰደውም ሰው በራሱ እጅ ያስረክብ አለች። ብርሃነ መስቀል ከሊቀመንበርነቱ ወርዷል፤ የኪራዩ ነገር በሌላ መዝገብ ይጠየቃል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን ቀበሌው ግቢ ገባን። ጠመንጃዎቹ ሰሌን ላይ ተደርድረዋል። ፖሊሶች ዳር ቆመዋል። እሱ አንድ በአንድ እያነሳ፣ ስም እየጠራ፣ በሁለት እጁ ያስረክባል። እኔ ስሜ ሲጠራ ወጣሁ። ምንሽሬ ቀጥኗል አልልህም፤ ብረት ነው። ግን ዘይት አጥቶ፣ ማንገቻው ተለውጦ፣ የሰው ቤት የከረመ ልጅ መስሎ ነበር። ተቀበልኩት። ደረሰኝም ሰጠኝ፣ ሳልጠይቀው።

ቀጥሎ «ገብረኪዳን» ብሎ ጠራ። ማንም አልወጣም።

ሳልነግርህ ቀርቼ ነው፤ ገብረኪዳን በፍልሰታ ጾም አረፈ። የአገራችንን ወግ ታውቃለህ፤ የባለ ጠመንጃ አስከሬን ሲወጣ ጠመንጃው አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ከፊቱ ይሄዳል። የገብረኪዳን ጠመንጃ የዚያን ቀን ደብረ ሲና የሰው መኪና ይጠብቅ ነበር። ልጁ ባዶ ማንገቻ ይዞ ከአባቱ ፊት ሄደ። እንዲህ ያለ ውርደት አይቼ አላውቅም።

እሑድ ስሙን ዳግመኛ ጠራ። ከዚያ ሚስቱ ወለተሐና ከሴቶቹ መሃል ወጣች። ብርሃነ መስቀል ጠመንጃውን ዘረጋላት። እጇን አላወጣችም፤ ነጠላዋ ውስጥ እንደሸፈነችው ቆመች።

«ከእኔ አልወሰድክም። የወሰድከው ከእሱ ነው፤ ለእሱ አስረክበው» አለችው።

ወደ ፖሊሶቹ ቢያይ እነሱም መሬት መሬት አዩ። ወደ ሽማግሌዎቹ ቢያይ ሽማግሌዎቹ ተነስተው መንገዱን ከፈቱለት። እኔም ምንሽሬን አንግቼ ተነሳሁ፤ ሁሉም የየራሱን አንግቶ ተነሳ። ብርሃነ መስቀል የገብረኪዳንን ጠመንጃ አፈሙዙን ዘቅዝቆ ያዘና ከፊታችን ወደ ጊዮርጊስ ሄደ። መንገዱን ሙሉ ማንም አልተኮሰም። ጥይት ስለተወደደ ይሆናል፤ እኔ ግን ስለ ቃለ አብ ብዬ ቆጠርኩት።

መቃብሩ ጋ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። «ጋሽ ገብረኪዳን፣ ያለ ደረሰኝ የወሰድኩት ጠመንጃዎ ይኸው። መልሻለሁ» አለ።

ወለተሐና ያኔ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ተቀበለችው፤ ስለ ባሏም «ተረክበናል» አለች።

እትዬህ፣ አልታየች ገብረአማኑኤል